ባለ አንድ ዓይኖቹ ወዳጆች

ጎንደሬ ጨዋታ ሲያምረው አለቃ እንግዳሸትን ያነሣል። ሠዓሊ ነበሩ፤ ምላሳቸው ግን ከብሩሻቸው ይቀድም ነበር ይባላል። እኛም ከአያት ከአባት የሰማነውን እናውጋ።

አንድ የህንድ ነጋዴ በምጽዋ በኩል ሲመጣ፣ ለደጃዝማች ዓምደ ብርሃን ባለቤት ለወይዘሮ ትርንጎ አንዲት ሥዕል እጅ መንሻ ሰጣቸው። አንድ ልዑልና ሴት ወዳጁ ሰገነት ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ በጎን አንድ አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ይተያያሉ፤ ከላይ ደመናው ዝናብ አዝሏል፣ ከታች ጣዎስ የሚሉት ወፍ ጭራውን ዘርግቶ ይጨፍራል። አለቃ አርባ ዓመት ሙሉ ጻድቃን ሰማዕታትን ሲሥሉ ኖረው፣ እንዲህ ያለ መተያየት ግን አይተው አያውቁም። ወደዷት። ሰበብ እየፈለጉ በየቀኑ ሊያዩዋት ይመላለሱ ጀመር።

አንድ ቀን በስስታቸው አገር ያወቃቸው ባላምባራስ ቢሻው ከነባለቤታቸው መጡና ሥዕሏን ሲያዩ፣ «ኧረ የምን ነውር ነው! ልብሷ እኮ ገላዋን ያሳያል!» ብለው ጮኹ። ከኋላቸው የቆሙት ባለቤታቸው የለበሱት ነጠላ ከሠርጋቸው ወዲህ ያልተለወጠ፣ በእጥበት ብዛት ወንፊት የሆነ ነው። አለቃ ነጠላውን አየት አድርገው፣

«ጌታዬ፣ የእሷስ ገና በአዲስነቱ ነው የሚያሳየው» አሉ።

ሴትዮዋ በዚያችው ነጠላ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ፊታውራሪ ደርሶ ደግሞ ፉከራ የሚወዱ ሰው ናቸው። በዚያው ሰሞን ሦስተኛዋ ሚስታቸው ወደ አባቷ ቤት ኮብልላባቸዋለች። ልዑሉ አበባ ብቻ መያዙን ሲያዩ፣ «ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ወንድ ነው? ጦሩስ? ጋሻውስ?» ብለው ተሳለቁ።

«ጦር ምን ያደርግለታል ጌታዬ፤ የእሱዋ እንደሆነች አልሸሸች» አሉ አለቃ።

ነገር የከረረው የደጃዝማቹ የነፍስ አባት አባ ጽጌ ሥዕሏን ያዩ ቀን ነው። «በአገራችን ጻድቅ ፊቱ ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ በአንድ ጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ይሁዳ ነው። እነዚህም አጋንንት ናቸውና ይቃጠሉ!» ብለው ችሎት ድረስ ከሰሱ። እሳቱም ነደደ። ከደጃዝማቹ ጎን የተቀመጡት ወይዘሮ ትርንጎ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አለቃም ልጃቸውን የሚቀሙ ነው የመሰላቸው።

ደጃዝማቹ፣ «እንግዳሸት፣ አንተ ራስህ ስንቱን ይሁዳ በአንድ ዓይን ሥለህ የለም ወይ? መልስ ካለህ ተናገር፤ ከሌለህ ትቃጠላለች» አሉ። ይህን ብለው ወደ ሚስታቸው ዘወር ቢሉ እንባዋን አዩ፤ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ መንቀል አቃታቸው።

አለቃ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና፣

«ጌታዬ፣ አሁን እመቤቴን ሲያዩ እኔ ከቆምኩበት የሚታየኝ አንድ ዓይንዎ ብቻ ነው፤ ከማን ወገን ልሣልዎ?» አሉ።