ጥቀርሻ የጠጣው መቀነት

የዝግባ አፋፍ ሴቶች በጥቅምት ወር ደናቸውን ሊለኩ ሲወጡ ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሰው፣ ወገባቸው ላይ ግን ጥቀርሻ የጠጣ መቀነት ታጥቀው ነው። የማያውቅ እንግዳ ይስቃል፤ እነሱም አብረው ይስቃሉ፤ ማጠቡን ግን አያስቡትም።

እንደሚነገረው፣ በድሮ ጊዜ ፊታውራሪ ደርሶ የሚባሉ የአገሩ ገዥ፣ ሕዝቡ ደኑን ቆርጦ ጨረሰው የሚል ወሬ ደርሷቸው፣ መንደሩን ነቅለው ወደ ቆላ ሊያወርዱት ተነሡ። ሽማግሌዎች እግራቸው ላይ ወድቀው ቢለምኗቸው፣ «እንግዲያው በዓመቱ እመለሳለሁ፤ ዛፉ ወፍሮ ካላየሁ ትለቃላችሁ» አሉ። ስለዚህ እያንዳንዷ ሴት አዲስ መቀነት አሸምና፣ ጫፍና ጫፉ ልክ የሚገጥምለትን ዛፍ መርጣ ለክታ፣ መቀነቱን እንዳይጠፋባት ከምድጃዋ በላይ ሰቀለችው። ዓመቱን ሙሉ መጥረቢያ ሳይነሣ፣ ፍየል ሳይገባ ደኑ ተጠበቀ።

ቀኑ ሲደርስ ግን፣ በጢስ የጠቆረ መቀነት ይዞ ፊታውራሪ ፊት መቅረብ ነውር መሰላቸውና ሴቶቹ ወንዝ ወርደው በእንዶድ አጠቡት ይባላል። በማግስቱ ፊታውራሪ ባሉበት ዛፉ ላይ ቢጠመጥሙት ጫፍና ጫፉ በክንድ ተራራቀ። ፊታውራሪ አፋቸውን ይዘው ቀሩ፤ ሴቶቹም እልል ሊሉ ሲሉ፣ በዚያ ክረምት ባሏን የቀበረች እንጉዳይ የምትባል ሴት ወደ ፊት ወጣች።

«ጌታዬ፣ ዛፍ በዓመት እንዲህ አይወፍርም። መቀነቱን ስላጠቡት ነው፤ አዲስ ጥጥ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል።»

መንደሩ ክው አለ፤ በሆዱ የረገማትም አልጠፋም። ፊታውራሪም ፊታቸው ጠቆረ።

«ታዲያ አሁን በምን ልመናችሁ?»

«የኔን ይሞክሩት። ሐዘን ላይ ስለሆንኩ ልብስ አላጠብኩም።»

ፊታውራሪ ያን የጠቆረ መቀነት ተቀብለው፣ በገዛ እጃቸው ዛፏ ላይ ጠምጥመው፣ አጥብቀው ሳቡት። ጫፍና ጫፉ በጣት ወርድ ተራርቆ አልገናኝ አለ።

«ክንዱን ተጠራጥሬው ነበር፤ ጣቱን ግን አምኛለሁ» አሉና ሳቁ። «ደኑ የናንተ ነው፤ ኑሩበት።»

ከክረምቱ ወዲህ ድምጿ ያልተሰማው እንጉዳይ ያን ጊዜ እልልታውን አቀለጠችው፤ ሀገሩም በደስታ ተቀበላት ይባላል።

ዛሬ ደኑ ምን ያህል ካርቦን እንዳመቀ ለማወቅ ባለሙያዎች ከከተማ ሜትር ይዘው ሲመጡ፣ የዝግባ አፋፍ ሴቶች አብረዋቸው ዛፍ ለዛፍ ዞረው ይለካሉ። ሥራው ሳይጀመር ግን ከመካከላቸው አንዷ ሜትሩን ተቀብላ፣ እያገላበጠች አይታ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል ትጠይቃለች፦ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ታጥቦ ያውቃል?»