የጋሽ ቸርነት የጨረታ ትምህርት

አንድ ቀን አዳማ ውስጥ፣ ጋሽ ቸርነት የሚባሉ የቀለምና የሴራሚክ ነጋዴ ሱቃቸው መሃል ቆመው ስለ ሆቴል አልጋ ያስተምሩ ነበር። ቀለም ሊገዛ የመጣው ደንበኛ ጋሎኑን እንደታቀፈ መውጫ አጥቷል። እናታቸው «ቸርነት» ብለው ስም ያወጡላቸው ገና በሕፃንነታቸው ስለነበረ ነው እንጂ፣ ትንሽ ታግሰው ቢያዩዋቸው ኖሮ ሌላ ስም ያስቡ ነበር። ጋሽ ቸርነት ለሰው ሻይ የሚጋብዙት ሰውየው «አሁን ጠጥቼ ነው የመጣሁት» ካለ በኋላ ነው።

«ሆቴል ማለት ቲማቲም ነው!» ይላሉ። «ዛሬ ያልተሸጠ ክፍል ለነገ አይቀመጥም። ሌሊቱ አለፈ፣ በሰበሰ! ባለቤቱ ይሄን ስለሚያውቅ ባዶ የቀረበትን ክፍል ስልክ ላይ ለጨረታ ያወጣዋል። ስሙን ግን ይደብቃል፤ ሙሉ ዋጋ የከፈለው እንግዳ ሰምቶ እንዳያንቀው። የምታየው ከተማውንና የክፍሉን ዓይነት ብቻ ነው። የሆቴሉ ስም የሚነገርህ ስታሸንፍ ነው።»

«እና እንዴት ነው የሚሸነፈው?» አለ ደንበኛው፣ አንድ ዓይኑ በሩ ላይ እንደሆነ።

«መጀመሪያ የሚያሳፍር ዋጋ ትጠራለህ። አትፈር! ስልክ ፊት የለውም፣ ማን ያይሃል? ከዚያ ዝም ነው። ሰው ሁሉ ጠዋት ሲጣደፍ አንተ ተኛ። አርብ ከሰዓት፣ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው ብድግ በልና ለማሸነፍ የምትበቃህን ያህል ብቻ ጠብ አድርግ። እንደ ሠርግ ሸላሚ ብር አትበትን! ዋናው ነገር ደግሞ አለመናደድ ነው። የተናደደ ተጫራች ቤቱን ሸጦ አልጋ ይከራያል።»

ይሄን ሁሉ ከመደርደሪያው ኋላ ሆኖ የሚሰማው ሻጩ ውብሸት ነበር። ውብሸት አንድ ጠባይ አለው፤ አይዋሽም። እውነቱን ግን ሰው እንዲገባው አድርጎ አይናገርም። በቅርቡ ትርንጎ የምትባል ልጅ አግብቷል። ሠርጉ እሁድ ተደረገ፤ ሰኞ ጠዋት ጋሽ ቸርነት ደውለው «እስካሁን አላለቀም እንዴ?» አሉትና ወደ ሱቅ መጣ። ጫጉላው እዚያው ቀረ።

ደንበኛው አምልጦ ሲወጣ፣ ውብሸት ጠጋ አለና «ጋሼ፣ ቅዳሜን ቢፈቅዱልኝ፣ ትርንጎን ሐዋሳ ልወስዳት ነበር» አለ።

«ለምን?»

«ለጫጉላ።»

«ቤት የላችሁም?»

«አለን።»

«አልጋስ?»

«አለን ጋሼ።»

«ታዲያ ሐዋሳ ምን አለ? ሐይቅ ነው ያለው። ሐይቅ ማለት ብዙ ውሃ ነው፤ በባልዲ ቅዳና አሳያት። ደግሞ ቅዳሜ እኔ አሰላ ለቅሶ አለብኝ። ሱቁን ዘግተን እንውላለን፤ የሴራሚክ መኪናው ከመጣ ግን እደውልልሃለሁ፣ ሄደህ ታራግፋለህ። ስልክህን እንዳትዘጋ!»

ማታ ውብሸት ይሄን ለትርንጎ ሲነግራት፣ እሷ ሻንጣ አወረደችና አልጋው ላይ ከፈተችው።

«አንተ ያገባኸው እኔን ነው ወይስ ጋሽ ቸርነትን?» አለች ልብስ እያጠፈች። «ቅዳሜ ወይ ሐዋሳ ነኝ፣ ወይ እናቴ ቤት ነኝ። እናቴ ቤት ከሆንኩ አትምጣ፤ ጫጉላህን ከጋሽ ቸርነት ጋር ጨርስ።»

ሻንጣ ተከፍቶ የሚነገር ነገር ቀልድ እንዳልሆነ ውብሸት ገባው። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ማደር ግን በእሱ ደሞዝ የሚታሰብ አይደለም። ተገላብጦ ሲያስብ ቆየና በመጨረሻ ጋሽ ቸርነት በነፃ የሰጡት ነገር ትዝ አለው። ሰውየው በዕድሜያቸው በነፃ የሰጡት ነገር ቢኖር ያ ትምህርት ብቻ ነው።

አርብ ከሰዓት፣ ከቀለም ጋሎኖቹ ኋላ ጎንበስ ብሎ ስልኩን ከፈተ። ሐዋሳ ካለ አንድ ሆቴል ለቅዳሜ ሁለት ክፍል ለጨረታ ወጥቷል። አንዱ ፎቅ ላይ ነው፣ ሰገነቱ ወደ ሐይቁ ያያል። ሌላው ምድር ላይ ነው፣ መስኮቱ ወደ ጓሮ ያያል፤ ጓሮው ውስጥ ምን እንዳለ አልተጻፈም። ውብሸት ለፎቁ ክፍል የሚያሳፍር ዋጋ ጠራ። ማንም ባያየውም ትንሽ አፈረ።

ወዲያው አንድ ሌላ ሰው ከእሱ በላይ ጠራ። ውብሸት ትንሽ ጨመረ። ሰውየውም ትንሽ ጨመረ። ጋሽ ቸርነት ከመስታወቱ ወዲያ፣ ቢሯቸው ውስጥ ስልካቸው ላይ አፍጥጠው ተቀምጠዋል። ውብሸት እንደገና ሲጨምር ጠረጴዛው ድው አለ።

«ማነው ይሄ ምቀኛ!» ብለው ጮኹ ጋሽ ቸርነት።

ውብሸት ደንግጦ «አቤት ጋሼ!» አለ።

«አንተን አይደለም፣ ሥራህን ሥራ!»

ሥራውን ሠራ፤ ጨመረ።

ሰውየው ግን አይተኛም። ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው የጠራው ዋጋ ውብሸት ኪስ ውስጥ ያለውን ሊያክል ደረሰ። ውብሸት የመኪና መሳፈሪያቸውን ቀነሰ፣ የምሳቸውን ቀነሰ፣ የተረፈውን አየና በሰውየው ዋጋ ላይ አንድ ብር ጨመረ። ከዚያ በላይ የለውም። ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጥ ጨረታው ተዘግቷል፤ ስልኩ «እንኳን ደስ ያለዎት» ብሎ የሆቴሉን ስም አወጣለት።

በዚያው ቅጽበት ጋሽ ቸርነት ባርኔጣቸውን መሬት ላይ ወረወሩ። ከዚያ አንስተው አራገፉና ተመልሰው ስልኩ ላይ አቀረቀሩ። ውብሸት «ለቅሶው ከብዷቸው ነው» ብሎ አዘነላቸው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባልና ሚስት ሐዋሳ ገቡ። የክፍሉ በር ሲከፈት ትርንጎ ሻንጣውን እንደያዘች በቀጥታ ወደ ሰገነቱ ሄደች። ሐይቁ ከሥሯ ተዘርግቷል፤ ጀልባዎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ቆማ ቆማ ዞር አለችና «በባልዲ ቢሆን ይሄን አይመስልም ነበር» አለችው። ውብሸት ከሠርጉ ቀን ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላያትም። ለዚች ሳቅ ሁለት ብርም ይጨምር እንደነበር ተሰማው፣ ቢኖረው።

ሰገነቱ ላይ ወንበር አውጥተው ገና መቀመጣቸው ነው፣ ስልኩ ጠራ። ጋሽ ቸርነት ናቸው።

«አታንሳው» አለች ትርንጎ።

«ካላነሳሁት ሰኞ ሥራ የለኝም» አለና አነሳው።

«ውብሸት! የት ነህ? የሴራሚኩ መኪና መጥቶ በር ላይ ቆሟል። ቶሎ ሂድና አራግፍ!»

ውብሸት ሐይቁን አየ፤ ትርንጎን አየ። ውሸት ደግሞ አይሆንለትም።

«ጋሼ፣ አልቻልኩም። አልጋ ይዣለሁ።»

«እንዴ! ምነው? መቼ?»

«ትናንት ከሰዓት ነው። ድንገት ነው የሆነው።»

«ትናንት እኮ ደህና ነበርክ!»

«አዎ፣ እዚያው ሱቅ እያለሁ ነው።»

«ውይ ውይ! ሰው አለ አጠገብህ?»

«ትርንጎ አለች። አንዴም ከአጠገቤ አልተለየችም።»

«እህል ትቀምሳለህ?»

«ቁርስ ሰጥተውኛል።»

«ጎበዝ፣ ብላ። መቼ የሚለቅህ ይመስልሃል?»

«ነገ ከምሳ በፊት ነው የሚለቀቀው ጋሼ። ደንቡ እንደዚያ ነው።»

«የምን ደንብ? በሽታ ደግሞ ምን ደንብ አለው?» አሉ ጋሽ ቸርነት ግራ ተጋብተው። «በል እሺ፣ እግዚአብሔር ይማርህ።»

ውብሸት «ይማርህ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰማው። አንዱ በቀኝ ጆሮው ከስልኩ መጣ፤ ሌላው በግራ ጆሮው ከታች ከግቢው መጣ። ስልኩ ተበላሽቶ ነው ሲል፣ ከሥር አንድ አስተናጋጅ ወደ ወጥ ቤት ዞሮ «አንድ ዓሣ ጥብስ፣ ሚጥሚጣ ይብዛበት!» ብሎ ተጣራ። እሱም በሁለቱም ጆሮ ተሰማ። ለካ ጋሽ ቸርነትም በስልካቸው ሰምተውታል። ቀስ ብለው ቀና አሉ። ውብሸትም ቀስ ብሎ ጎንበስ አለ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ።

ጋሽ ቸርነት ቁምጣ ለብሰዋል፤ በነጠላ ጫማ ናቸው። አጠገባቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀዳለ ተቀምጠዋል። ጋሽ ቸርነት ደረጃውን እየዘለሉ ወጡ። ወይዘሮ ፀዳለም ምን እንደመጣ ለማየት ተከተሏቸው።

በሩን የከፈተችው ትርንጎ ናት። ከአንገቷ ጎንበስ ብላ በትሕትና «ጋሼ፣ እግዜር ያጽናዎት። ለቅሶው እንዴት ነበር?» አለቻቸው።

«የምን ለቅሶ?» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ ከኋላ። «ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም!» አሉ ጋሽ ቸርነት።

«አሰላ ነው የሞተው» አለ ውብሸት፣ ሊያግዛቸው ብሎ።

ጋሽ ቸርነት ለቅሶውን የፈጠሩት፣ አለቃ መዝናናቱ ከተሰማ ሠራተኛ የደሞዝ ጭማሪ ማሰብ ይጀምራል ብለው ነበር። አሁን ወሬ ለማስቀየር ዓይናቸውን ወደ ክፍሉ ወረወሩ። ሰፊውን አልጋ፣ ሰገነቱን፣ ሐይቁን አዩ። ፊታቸው ተለዋወጠ።

«ይሄን ክፍል ማን ሰጠህ?»

«በጨረታ ነው ጋሼ። እርስዎ እንዳስተማሩት ጠበቅኩና አርብ ከሰዓት...»

«በስንት?»

ውብሸት ዋጋውን ነገራቸው።

«አንተ ነህ!» አሉ ጋሽ ቸርነት፤ እጃቸው በር መቃኑን ያዘ። «አንተ ነህ ምቀኛው! በአንድ ብር! በአንድ ብር ነጥቀኸኝ እኔ የጓሮውን ወስጄ ጄኔሬተር ሥር ተጥዬ!»

«ጄኔሬተር ነው እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ፀዳለ። «የሐይቁ ሞገድ ነው አላልከኝም?»

በዚህ ጊዜ ጋሽ ቸርነት በሁሉም በኩል ተከበቡ። አንድ የቀራቸው አለቅነታቸው ነው። ደረታቸውን ነፉ፣ ቁምጣቸውን ሳብ አደረጉ።

«ይሄ ሁሉ ይቅር። እኔ ለአንድ ብር ብዬ አይደለም የምናገረው» አሉ። «መኪናዬ በር ላይ ቆሞ አንተ ዋሽተኸኛል። እኔ ውሸታም ሠራተኛ አላቆይም! ታምሜ አልጋ ይዣለሁ ብለኸኛል፣ አላልክም? በሚስትህ ፊት፣ በሚስቴ ፊት ተናገር!»

የትርንጎ እጅ የውብሸትን ክንድ ጨበጠ። ነገሩ ጠንክሯል፤ አሁን አንድ ቃል ቢስት ሰኞ ሱቁ በር ላይ ሌላ ሰው ይቆማል። ውብሸት ግን ረጋ ብሎ እጁን ወደ ኋላ አጣመረ።

«ጋሼ፣ አልጋ ይዣለሁ አልኩ እንጂ ታምሜያለሁ መቼ አልኩ? ‹ታምሜ› የሚለውን የጨመሩት እርስዎ ነዎት። እኔ የጨመርኩት አንድ ብር ብቻ ነው።»

ወይዘሮ ፀዳለ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ጋሽ ቸርነትም ስልካቸውን አወጡና ለሹፌሩ ደወሉ፦ «እስከ ሰኞ እዚያው ጠብቅ ወንድሜ፤ ሠራተኛዬ አልጋ ይዟል።»