ለእናኑ አንድ እቅፍ ደንገል

ልንገራችሁ? «ንገረን» በሉኛ! ሐይቅ ዳር ባለ ትምህርት ቤት የምትማር እናኑ የምትባል ልጅ ነበረች። ዓይኗ ፈጣን፣ ምላሷ ደግሞ ከዓይኗ የባሰ።

መምህርቷ እትዬ አጸደ «ነገ አገር በቀል ተክል ይዛችሁ ኑ» ቢሉ፣ እናኑ ሐምራዊ አበባ ታቅፋ ከች አለች።

«ይሄማ እምቦጭ ነው! ከሌላ አገር መጥቶ ሐይቃችንን የወረረ አረም።»

«እንዴ ቲቸር፣ እኔ ስወለድ እኮ ነበረ!»

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እትዬ አጸደ ግን አልሳቁም። «እሱ ሳይመጣ ዳሩን የሞላው ደንገል ነበር። አያትሽን ጠይቂ» አሏት።

አያቷ አባ ይስማው ታንኳ ሠሪ ናቸው። ታንኳ የሚታሰረው ከደንገል ነው። የእሳቸው ከበሰበሰች ወዲህ ዓሣ ማስገር ቀርቶ ውሃውን የሚያዩት ከሩቅ ነው። እናኑ ስለ ደንገል ብትጠይቃቸው «አንድ እቅፍ ደንገል ባገኝ ምን እፈልጋለሁ» አሏት። እሷም ወደ ሐይቁ ሮጠች።

«ደንገል ደንገል፣ ውጣልኝ!»

«አልወጣም! እምቦጭ አንቆኛል።»

«እምቦጭ እምቦጭ፣ ልቀቀው!» ብትል፣ «አልለቅም!» አላት።

«ማጭድ ማጭድ፣ እምቦጭን ቁረጥልኝ! እምቦጭ አልለቅም አለ፣ ደንገል አልወጣም አለ፣ አባባም ያለ ታንኳ ቀሩ።»

«አልቆርጥም! ውሃ ላይ ብቆርጠው ቁርጥራጩ ሁሉ ይበቅላል።»

«ነፋስ ነፋስ፣ እምቦጭን ግፋልኝ! ማጭድ አልቆርጥም አለ፣ እምቦጭ አልለቅም አለ፣ ደንገል አልወጣም አለ፣ አባባም ያለ ታንኳ ቀሩ።»

«አልገፋም! እርስ በርሱ ተቆላልፏል፤ መጀመሪያ ሰው ይንቀለው።»

«ጎረቤቶች፣ እምቦጭን ንቀሉልኝ! ነፋስ አልገፋም አለ፣ ማጭድ አልቆርጥም አለ፣ እምቦጭ አልለቅም አለ፣ ደንገል አልወጣም አለ፣ አባባም ያለ ታንኳ ቀሩ።»

«አንነቅልም! ደቦ የሚጠራው ባለ ማሳው ነው። ሐይቅ ባለቤት የለው፤ ማን ጠርቶን እንውጣ?»

የዚያ አገር ወግ እንዲህ ነው። ባለ ማሳው ይጠራል፣ ባለ ማሳው ያበላል፤ ሳይጠሩት የሚወጣ የለም።

ሌላ ልጅ ብትሆን ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር። እናኑ ግን፣ እሷን ያብዛልን፣ በማግስቱ ክፍል ገብታ «ባለቤት ከሌለው እኛ እንሁንለታ!» አለች። ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ሽምብራ አምጥተው ቆሉ። በየደጁ እየዞሩም «የሐይቁ ባለቤቶች ደቦ ጠርተዋችኋል!» አሉ። ጎረቤቱ በሳቅ ሞተ፤ ነገር ግን ደቦ ተጠርቶ መቅረት ነውር ነው።

ወጡ! ተማሪ ደቦ ጠራ፣ ጎረቤት ነቀለ፣ ነፋስ ወደ ዳር ገፋ፣ ማጭድ በደረቅ መሬት ላይ ቆረጠ፣ እምቦጭ ለቀቀ። እትዬ አጸደ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው «ከነሥሩ! ከነሥሩ፣ ልጆች!» ይላሉ። ደንገልም ቀስ ብሎ፣ ቀና ብሎ ወጣ። እንዴት ያምር ነበር!

ደንገሉ ሲደርስ አባ ይስማው አጭደው፣ አድርቀው፣ ክፍሉ በሙሉ ከቧቸው እያየ ታንኳቸውን አሰሩ። ውሃው ላይ ካወረዷት በኋላ ግን ዳር ላይ ቆመው ቀሩ።

«ምነው አባባ፣ አይሳፈሩም?» አለች እናኑ።

«ባለቤቱ ሳይፈቅድ በሰው ሐይቅ ይገባል እንዴ?»

እናኑ ወገቧን ይዛ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«ፈቅጃለሁ!» አለች።

እሳቸውም እየሳቁ ገቡ። እኔም እዚህ ላይ መቅዘፊያዬን አስቀመጥሁ።