የእትዬ ስንቅነሽ ብርጭቆ አልጠራ አለ

ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ። ተረቴ እስከ አራተኛ ፎቅ ይወጣል፤ የሚጀምረው ግን ከአንድ ብርጭቆ ነው።

እትዬ ስንቅነሽ አዳማ ውስጥ በአንድ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሠላሳ ዓመት ባልትና ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ ዕቃ እንኳ ሲያጠፋ እንደ ተማሪ ነው የሚቆጡት። ባለፈው መጋቢት ቀኝ እጃቸው በፈላ ዘይት ተቃጠለ። ቁስሉ ቢድንም ቆዳው ስስ ሆኖ ስለቀረ፣ ሐኪሙ ሳሙና እንዳይነካው ሲል አስጠነቀቃቸው። ሐዋሳ የሚኖረው ልጃቸው ምትኩ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ገዝቶ አስገባላቸውና፣ «እማዬ፣ በዚህ ብቻሽን መኖር ከቻልሽ ጥሩ፤ ካልሆነ ቤቱን አከራይተን እኔ ጋ ትኖሪያለሽ» አላቸው። በዚያ ሳምንት እሁድ ሊጠይቃቸው ሊመጣ ነው። እትዬ ስንቅነሽ የልጃቸውን ቤት አይጠሉትም፤ ግን የእሳቸው ቤት አይደለም። ስለዚህ የተመኙት ትንሽ ነገር ነበር፤ እሁድ ለልጃቸው በንጹሕ ብርጭቆ ውሃ መስጠት።

ሐሙስ ጠዋት ማሽኑን ሲከፍቱት ብርጭቆው ደብዝዞ፣ ሥሩ ላይ ጭቃ ይዞ ጠበቃቸው። ምነው ቢሉት፣ እኔ ምን ላድርግ፣ ማሽኑ አላጠበኝ ብሎ አሳበበ። ማሽኑ አላጥብ አለ፣ ብርጭቆውም አልጠራ አለ።

ወደ ማሽኑ ዞሩ። ማሽኑ ደግሞ ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ ውሃ የሚረጨው ክንፌ አልዞር ብሎ ነው አለ። እትዬ ስንቅነሽ ቀኝ እጃቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ከታች ያለውን የፍርፋሪ ማጣሪያ አወጡ። የሰነበተ ሽሮና የቲማቲም ልጣጭ ነበረበት፤ እሱን አጸዱ። የክንፉን ቀዳዳዎችም አንድ በአንድ በስንጥር ወጉ። ያም ሆኖ ክንፉ አልዞር አለ፣ ማሽኑ አላጥብ አለ፣ ብርጭቆውም አልጠራ አለ።

ክንፉን ቢጠይቁት፣ የሚገፋኝ ውሃ ሳይኖር በምን ልዙር አለ። እውነቱን ነው። ማሽኑ ውሃ ሲስብ ጆሯቸውን ቢያስጠጉ ፏ የሚል ድምፅ የለም፤ ጠብ፣ ጠብ ብቻ። ውሃው አልገባ አለ፣ ክንፉ አልዞር አለ፣ ማሽኑ አላጥብ አለ፣ ብርጭቆውም አልጠራ አለ።

ውሃው፣ በሩን የዘጋብኝ ወንፊቱ ነው አለ። እትዬ ስንቅነሽ መጀመሪያ ማሽኑን ከኤሌክትሪክ ነቀሉ፤ ቀጥለው የግድግዳውን ቧንቧ ዘጉ፤ ከዚያ ወደ ማሽኑ ውሃ የሚያስገባውን ጎማ ፈቱ። ጎማው አፍ ላይ ያለችው የጣት ጥፍር የምታህል ወንፊት በአሸዋ ተደፍናለች። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገው መለሷት፤ ማሽኑ ፏ አለ። ደስ ብሏቸው ተኙ። ዓርብ ቢፈቱት ወንፊቷ እንደገና ጢም ብላለች። ወንፊቱ አላሳልፍ አለ፣ ውሃው አልገባ አለ፣ ክንፉ አልዞር አለ፣ ማሽኑ አላጥብ አለ፣ ብርጭቆውም አልጠራ አለ።

ወንፊቱን ተቆጡት። ወንፊቱም፣ እኔን በየቀኑ ከመፈተግ ከላይ አፈር የሚልክብኝን ጠይቁ አለ። ከላይ ያለው ጣሪያው ላይ የተቀመጠው የሕንፃው ታንከር ነው። ታንከሩም፣ ዓመት አልፎኛል፣ የወረዳ አቧራ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ነው፣ ማን አጠበኝ አለ። ታንከሩ አልጸዳ አለ፣ ወንፊቱ አላሳልፍ አለ፣ ውሃው አልገባ አለ፣ ክንፉ አልዞር አለ፣ ማሽኑ አላጥብ አለ፣ ብርጭቆውም አልጠራ አለ።

እንግዲህ ጣሪያው ላይ መውጣት ነው። የጣሪያው በር ግን ተቆልፏል፤ ቁልፉ ደግሞ አራተኛ ፎቅ በሚኖሩት በጎረቤታቸው በጋሽ በዳሳ ቤት ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ቁልፉ አልወርድ አለ፣ በሩ አልከፈት አለ፣ ታንከሩ አልጸዳ አለ፣ ወንፊቱ አላሳልፍ አለ፣ ውሃው አልገባ አለ፣ ክንፉ አልዞር አለ፣ ማሽኑ አላጥብ አለ፣ ብርጭቆውም አልጠራ አለ።

እዚህ ላይ ነው እትዬ ስንቅነሽ ደረጃው መሀል የቆሙት። ከቁልፉ በላይ ያለው ሰው እንጂ ዕቃ ስላልሆነ ሊቆጡት አልቻሉም። የጋሽ በዳሳ ባለቤት ወይዘሮ ጫልቱ ያረፉት፣ እትዬ ስንቅነሽ እጃቸው ተቃጥሎ ሐዋሳ ልጃቸው ጋ ሲታከሙ ነው። የተመለሱት አርባው ካለፈ በኋላ ነበር። ነገ ለቅሶ እደርሳለሁ አሉ፤ ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። አሁንማ ምን ብዬ ብለው አፈሩ። የጋሽ በዳሳን ኮቴ ደረጃው ላይ ሲሰሙ በራቸውን ቀስ አድርገው መዝጋት ለመዱ። ይህን የምነግራችሁ እንድትፈርዱባቸው አይደለም፤ እኔም አልፌው የምሄድ አንድ ሁለት ደጅ አለኝ።

ያን ቀን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቀው ለበሱና ወጡ፤ አንኳኩም። ጋሽ በዳሳ ከፈቱላቸውና ወንበር ሳቡላቸው። ፂማቸው አድጓል፣ ከስተዋል።

«ጋሽ በዳሳ፣ የመጣሁት ለጣሪያው ቁልፍ ነው፤ አልዋሽዎትም» አሉ እትዬ ስንቅነሽ። «ከዚያ በፊት ግን ለቅሶዬን ልድረስ። ቀርቼ ነበር። ቀርቼ ስቆይ አፈርኩ።»

ጫልቱን ይወዷት ነበር፤ አፍረው ያቆዩት እንባ ሁሉ ያን ጠዋት መጣ። ጋሽ በዳሳም አብረው አለቀሱ። ጎረቤት ሁሉ ከሄደ በኋላ የሚያለቅስላት ሰው ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። እግዚአብሔር ያጽናዎት ተባባሉ።

በመጨረሻ ጋሽ በዳሳ፣ «ታንከሩን በየዓመቱ የማጥበው እኔ ነኝ» አሉ። «መሰላሉን የምትይዝልኝ እሷ ነበረች። ሰው ውሃው ቆሸሸ እያለ ያጉረመርማል፤ መሰላሉን ልያዝልዎት ያለኝ ግን የለም።»

«እኔ እይዝልዎታለሁ።»

«በዚያ እጅ?»

«ግራው ደኅና ነው።»

ጋሽ በዳሳ ተነሡ። ቁልፉ ከምስማሩ ወረደ፣ በሩ ተከፈተ፣ መሰላሉ ቆመ። እትዬ ስንቅነሽ በግራ እጃቸውና በጉልበታቸው ደግፈው ያዙት። ጋሽ በዳሳ ከታንከሩ ሁለት ባልዲ ሙሉ ጭቃ ዛቁ። ታንከሩ ጸዳ፣ ወንፊቱ ተፈትጎ አሳለፈ፣ ውሃው ፏ ብሎ ገባ። ማሽኑ አንድ ጊዜ ባዶውን በኮምጣጤ እንዲዞር ተደረገ፤ ውስጡ የተጋገረው ነጭ ዝቃጭ ለቀቀው። ከዚያ ክንፉ ዞረ፣ ማሽኑ አጠበ፣ ብርጭቆውም ጠራ።

እሁድ ምትኩ መጣ። እናቱ ውሃ ሰጡት፤ ጠጣ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና፣ ጎረቤት ሁሉ ደረጃ ላይ ያወራለትን ጠየቀ። ታንከሩ እንደታጠበ፣ መሰላሉን እናቱ እንደያዙ ሰምቷል።

«እማዬ፣ ማሽኑ ሲበላሽ ለምን አልደወልሽልኝም?»

«ብደውልልህ ትወስደኝ ነበር» አሉት።

ምትኩ ማሽኑን ሲገዛ እናቱ ከእንግዲህ የማንም እጅ እንዳያስፈልጋቸው ብሎ ነበር። እናቱ ግን ሐዋሳ ቢሄዱ የሚያጡት ቤቱን ብቻ ሳይሆን ጎረቤታቸውንም ነበር። ይህን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደበት፤ ስለ ማከራየቱም ሳያነሣ ቀረ። ጋሽ በዳሳ ለምሳ ተጠርተው ኖሮ በሩ ሲንኳኳ፣ ተነሥቶ የከፈተላቸው እሱ ነው፤ ከራሱ አጠገብም አስቀመጣቸው።

ተረቴ አለቀ። ያልደረሳችሁበት ለቅሶ ካለ፣ አሁንም ደረጃውን ውጡ።