ጋቢ የለበሰው አምፕሊፋየር

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ፣ ከየት እንዳመጣው ባይነገርም፣ አንድ አምፕሊፋየር ከሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ጋር ቤቱ አስገባ። በሕይወቱ ሳይበላው ያስቀመጠው የመጀመሪያ ነገር ነበርና በጣም ወደደው። መውደድ እንዴት እንደሆነ ስለማያውቅ ግን አለበሰው። ዳንቴል ደረበበት፤ በዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው ጎን የራሱን ፎቶ አቆመ። ክዳኑ ላይ ያሉት የሙቀት ማስወጫ ቀዳዳዎች በሙሉ ተደፈኑ። አምፕሊፋየሩም ሁለት ዘፈን ካሰማ በኋላ ሦስተኛው ላይ ጭጭ ይል ጀመር።

ይህ የሆነው በክፉ ሰዓት ነው። አንበሳ እሁድ ሊጠይቀው ቀጥሮ ነበር። «ጥሩ ሙዚቃ ካሰማኸኝ ከእንግዲህ ድርሻህ አጥንት መሆኑ ቀርቶ ሥጋ ይሆናል» ብሎታል። ጅብ ይህን ቃል ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ ነው የኖረው።

ስለዚህ እስከ ግብዣው ድረስ ላይበላት ለአህያ ምሎ አምፕሊፋየሩን ጫናትና ቀበሮ ዘንድ ሄዱ። ቀበሮ ደጃፉ ላይ ገመድና ብሎን ዘርግቶ «ጠጋኝ ነኝ» የሚል ነው። ጅብ ያመጣለትን የበግ ቅልጥም ተቀበለ፣ ሁለት ብሎን ፈታ፣ ጆሮውን እንደ ሐኪም ለጠፈ፣ መልሶ አሰረ። ቁልፉን ሲጫነው ዘፈነ።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ ጅብ።

«ብርድ መቶት ነው። ብረት አይደል? ቶሎ ይበርደዋል። ደህና አድርገህ አልብሰው» አለ ቀበሮ ቅልጥሙን እየጋጠ።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ ጅብ። ምንም አልጠረጠረም።

ሲመለሱ አህያ አላስቻላትም። «አያ ጅቦ፣ ከቤት ስንነሳ ጀርባዬን ሲያቃጥለኝ ነበር። መንገድ ላይ ነፋስ አገኘና ዳነ እንጂ ቀበሮ ምንም አላደረገለትም። ዳንቴሉን አንሳለት፣ አቧራውን ጥረግለት፣ ከግድግዳው ፈቀቅ አድርገው፣ ይተንፍስ።»

«አንቺን ከሙዚቃ ጋር ምን አገናኘሽ? ዝም ብለሽ ተሸከሚ» አላት።

ቤት እንደገባ ብርድ ልብስ ጨመረበት። አሁን ደግሞ አንድ ዘፈን እንኳ መጨረስ አቃተው። እንደገና ቀበሮ ዘንድ፣ እንደገና ቅልጥም። ቀበሮ በዚያ ሳምንት ፊቱ ሞላ። «ብርዱ ጠንቶበታል። ጋቢ የለህም?» አለው።

እሁድ አንበሳ ከነቤተሰቡ መጣ፤ ቀበሮም ከእንግዶቹ አንዱ ነበር። አምፕሊፋየሩ ጋቢ ተከናንቦ ቁልፉ ብቻ ብቅ ብሏል። ሙዚቃው ሲጀምር አንበሳ ራሱን መነቅነቅ ያዘ። ጅብም ሥጋው ታየውና ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው። ብዙም ሳይቆይ ሙዚቃው ቀጥ አለ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተ፣ ከጋቢው ሥር ጭስ ወጣ። መሐላው በግብዣው እንደሚያበቃ የምታውቀው አህያ ጭሱን እንዳየች ውልቅ ብላ ሄደች።

ጅብ ዘሎ አምፕሊፋየሩ ላይ ተኛበት።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለ አንበሳ።

«እያሞቅሁት ነው ጌታዬ። ብርድ መቶት ነው።»

የሆዱ ፀጉር ሲቃጠል ጮኾ ተነሣ። አንበሳ ጋቢውን ገፎ መዳፉን አሳረፈበትና ቶሎ መለሰው። «ይሄ እኮ እሳት ነው። በእጅህ ነክተኸው አታውቅም?»

«እንዳላቆሽሸው ብዬ በጨርቅ ነው የምይዘው።»

«ያለውን መያዝ ያላወቀ ሥጋ ምን ያደርግለታል? አጥንትህን ቀጥል» ብሎ አንበሳ ቤተሰቡን አስነሥቶ ወጣ። ቀበሮ ተከተለውና «ጌታዬ፣ ምናልባት እርስዎም ቤት ብርድ የመታው ዕቃ ካለ እኔ አለሁ» አለው።

ጅብ ግን እስከ ዛሬ የሚቆጨው ሁለተኛ ጋቢ አለመደረቡ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ የምንወደውን ዕቃ እኛው አፍነን ስናበቃ «ምን ነካው?» እያልን ጠጋኝ ቤት ብንመላለስ የምናወፍረው ጠጋኙን እንጂ የምናድነው ዕቃውን አለመሆኑን ነው።