በቁምጣ የሚሮጠው አባት ድርሰት

ተረቴ በረት የላትም፤ የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ኤልዳና የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ በእናቷ ስልክ፣ በኢንተርኔት፣ የድርሰት ትምህርት ትማራለች። አስተማሪዋ "የቤታችሁን እውነት በራሳችሁ ቃል ጻፉ። እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት የደረሰልኝን ለክፍሉ አነባለሁ" ብላለች። ኤልዳናም ደብተሯ ላይ ጻፈች፣ ስልኩ ላይም ገለበጠችው፦

"ማክሰኞ ውሃ ሲመጣ አባዬ በቁምጣ ይሮጣል። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ይወርዳል። ጎረቤት ሁሉ ይስቃል። የእኛ ባልዲ ግን ሁልጊዜ አንደኛ ይሞላል።"

የቀረው መላክ ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ አንድ ጣት ይበቃል። "እማዬ፣ ላኪልኝ" አለች።

እናቷ ስንዱ አነበበችና ስልኩን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። "ጉድ ፈላ! የሰው ልጆች ወላጅ እያገዛቸው ስለ ጨረቃ ይጽፋሉ፣ አንቺ በቁምጣ ታዋርጂናለሽ? አባትሽ እሺ ሳይል አልልክም!"

አባቷ ደምሰው በረንዳ ላይ ጫማውን ይጠርጋል። "አባዬ፣ እሺ በል። አንተ እሺ ካላልክ እማዬ አትልክም፤ እማዬ ካልላከች ድርሰቴ አይነበብም።"

አባቷ ደብተሩን አየና ጆሮው ቀላ። "እኔ ነኝ በቁምጣ? ልጅ ብቻዋን ጽፋ የት ትደርሳለች፣ መታገዝ አለባት እንጂ! አጎትሽ ይልቃል መሥሪያ ቤት ደብዳቤ የሚያረቅ ሰው ነው። እሱ ድርሰትሽን በከባድ ቃላት ሳያከብደው እሺ አልልም።"

ሁለተኛ ፎቅ ወረደች። "ጋሼ ይልቃል፣ አክብድልኝ። አንተ ካላከበድከው አባዬ እሺ አይልም፤ አባዬ እሺ ካላለ እማዬ አትልክም፤ እማዬ ካልላከች ድርሰቴ አይነበብም።"

አጎቷ ክራቫቱን አስተካከለ፤ ቅዳሜም ያስራል። ከድርሰቱ አናት ላይ "ጉዳዩ፦ ውሃ መቅዳትን ይመለከታል" ብሎ ጻፈና እጁ ቆመ። "ከእኔ በላይ ያለ ሰው ሳያጸድቀው አልቀጥልም። መምህር ወርቅነህ ሳያርሙት አላከብድም።"

መምህር ወርቅነህ አርባ ዓመት አማርኛ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ምድር ቤት የሚኖሩ ሰው ናቸው። "መምህር፣ ያርሙልኝ። እርስዎ ካላረሙ ጋሼ ይልቃል አያከብድም፤ ጋሼ ካላከበደ አባዬ እሺ አይልም፤ አባዬ እሺ ካላለ እማዬ አትልክም፤ እማዬ ካልላከች ድርሰቴ አይነበብም።"

"በደስታ! ቀዩ እስክሪብቶም ይኸው። መነጽሬን ግን የልጅ ልጄ ወስዳዋለች፤ ያለ መነጽር አላርምም። ሳያዩ አስተያየት የሚሰጠው ስብሰባ ላይ ብቻ ነው።"

የልጅ ልጃቸው ሚጡ አራት ዓመቷ ነው። መነጽሩን አድርጋ ጠረጴዛ ሥር ተቀምጣለች። "ሚጡዬ፣ መነጽሩን ስጪኝ። አንቺ ካልሰጠሽ መምህር አያርሙም፤ መምህር ካላረሙ ጋሼ ይልቃል አያከብድም፤ ጋሼ ካላከበደ አባዬ እሺ አይልም፤ አባዬ እሺ ካላለ እማዬ አትልክም፤ እማዬ ካልላከች ድርሰቴ አይነበብም።"

"ካላሳቅሽኝ አልሰጥም!" አለች ሚጡ።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ኤልዳና እንባዋ መጣ። እንኳን ሰው ልታስቅ እሷንም አልቅሽ አልቅሽ ብሏታል። በእጇ ያለው ደብተሯ ብቻ ነውና እሱኑ አነበበችላት። "አባዬ በቁምጣ ይሮጣል" ስትል ሚጡ በሳቅ ተንከባለለች። "ድገሚልኝ!" አለች። ደገመችላት።

እንግዲህ ሚጡ መነጽሩን ሰጠች፤ መምህር መነጽሩን አደረጉ። ቀዩን እስክሪብቶ አንስተው አነበቡ፣ ሳቁ፣ እስክሪብቶውንም መልሰው ከደኑት። "ይህን ካረምኩ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። አጎትሽን ጸድቋል በይው" አሉ። አጎቷ "ጸድቋል" የምትለዋን ቃል ሲሰማ "ጉዳዩ" ያለውን በፍጥነት ሰረዘ። ከላይ በጸደቀ ነገር ላይ ቃል መጨመር የእሱ ልማድ አይደለም።

አባቷ ግን በሩ ላይ ጠበቃት። "ቁምጣው አለ?"

"አለ።"

"ሱፍ ብንለውስ?"

"አባዬ፣ በሱፍ ስትሮጥ አይቼህ አላውቅም። ሰው እየሳቀብህ የምትሮጠው ለእኛ ብለህ ነው። ስለምወድህ ነው የጻፍኩት።"

ደምሰው ጉሮሮውን ጠራረገ። ልቡ ተነክቶ ነበር፣ ግን ጉንፋን አስመሰለው። "እሺ" አለ። አባቷ እሺ አለ፤ እናቷ ላከች፤ ለስድስት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ድርሰቱ ደረሰ፤ አስተማሪዋም እያንዳንዷን ቃል እንዳለች ለክፍሉ አነበበች።

ከንባቡ በኋላ ከአስተማሪዋ መልእክት መጣ። "ኤልዳና፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ማን ረዳሽ?"

ስንዱ ወዲያው ጣቷን አሹላ "ቆይ፣ እኔ አሳምሬ ልመልስልሽ" አለች። ኤልዳና ስልኩን ከእናቷ እጅ ቀስ ብላ ወሰደችና ራሷ ጻፈች፦

"ሁሉም ሊረዱኝ ነበር። እንደምንም አመለጥኩ።"

ተረቴን መልሱልኝ፤ ስትመልሱ ግን እንዳታርሙት።