የደብሪቱ ገንዳ

ቀጨሞ አምባ መንደር መግቢያ ላይ፣ ከምንጩ ከፍ ብሎ፣ ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈለ ገንዳ አለ። ሣር በጠፋበት በጋ እንኳ ከብት አይበላበትም። አንዲት ሴት ማርገዟ ሲታወቅ ግን አማቷ እዚያ ትወስዳትና መቀነቷን በገዛ እጇ ታስርላታለች። ምክንያቱን የጠየቀ መንገደኛ የደብሪቱን ነገር ሳይሰማ አይሄድም።

አሮጊቶቹ እንደሚሉት፣ ደብሪቱ ድሮ በዚያ ቦታ ከነበረ ቤት በምራትነት የገባች ሴት ናት። የመጀመሪያ ልጇ እፍኝ የማትሞላ ሆና ተወልዳ በሦስተኛው ቀን ሞታባታለች። ሁለተኛውን ስታረግዝ አማቷ እመት ዘርፌ መቀነቷን ጠበቅ አድርገው አሰሩና ሆዷ ቢገፋም ቋጠሮው ከዚያ እንዳያልፍ አስጠነቀቋት፤ ብዙ የበላች እናት ልጇ ሆዷ ውስጥ ገዝፎ በምጥ ይገድላታል ብለው ያምኑ ነበርና። ገንፎው ቀረ፣ ወተቱ ቀረ፣ እንጀራውም በግማሽ ሆነ። ውሃ መቅዳቱንና መፍጨቱን ግን የቀነሰላት የለም። ለባሏ ለአያልነህ ብትነግረው «እናቴ ታውቃለች» ከማለት በቀር ምላስ አልነበረውም። ጎረቤቶቿ ደግሞ ክሳቷን እንደ ጨዋነት ቆጥረው ያመሰግኗት ነበር፤ ይሄ ከረሃቡም በላይ ያንገበግባት ነበር ይባላል።

በዚያው ሰሞን ቦራ የምትባለው ላማቸው እርጉዝ ነበረች። እመት ዘርፌ በየጠዋቱ ባቄላ ቀቅለው፣ ጨው ነስንሰው፣ «የምትበላው ለሁለት ነው» እያሉ ገንዳዋን ጢም አድርገው ይሞሉላታል። ደብሪቱ ይህን አንድ ወር ሙሉ አየች። ሰባት ወር በሞላት ሰሞን፣ ቋጠሮው ጎኗን እየቆረጣት፣ እንስራዋን አስቀምጣ ከላሟ ጎን ተንበረከከችና ከገንዳው እየዘገነች ትበላ ጀመር። ምንጭ የወረዱ ሴቶች አይተው ተሰበሰቡ። እመት ዘርፌም በሀፍረት እየተጣደፉ ደረሱና ምን ጉድ እያሳየቻቸው እንደሆነ ጠየቋት።

«ለቦራ ያሰቡላትን ለእኔም ያስቡልኝ፣ እሜቴ» አለች ደብሪቱ ሳትነሣ። «እኔም የተሸከምኩት የእርስዎን ቤት ልጅ ነው። ያቺን ቀብሬያታለሁ፤ ይህን አልቀብርም።»

ያን ጊዜ እመት ዘርፌ አለቀሱ። አንዲት ሴት ልጃቸው በምጥ ሞታባቸው ነበርና የሚፈሩት ያንኑ እንደሆነ ተናገሩ። ከሴቶቹ መካከል የነበረችው አሮጊት አዋላጅ ይህን ስትሰማ አንገቷን ደፋች።

«ልጅሽ ያለፈችው በእጄ ነው፣ ዘርፌ» አለች። «ልጁ ገዝፎባት አይደለም፤ እንደዚህችው ተርባ የምታምጥበት አቅም አጥታ ነው። እንዳትጸጸቺ ብዬ ዝም አልኩሽ።»

የዚያች አዋላጅ ዝምታ ስንት ነፍሰ ጡር እንዳስራበ የሚያውቅ የለም። እመት ዘርፌ ግን ቋጠሮውን ለመፍታት ጣታቸው እምቢ ቢላቸው በጥርሳቸው ፈቱት ይባላል። ደብሪቱም ቀኗ ሲደርስ ለቅሶው ምንጩ ድረስ የሚሰማ ልጅ ወለደች።

ከዚያ ወዲህ የቀጨሞ አምባ አማቶች መቀነቱን እዚያው ገንዳ አጠገብ አላልተው ያስራሉ፤ በየወሩም የምራታቸው ሆድ ሲገፋ ቋጠሮውን ራሳቸው ወደ መቀነቱ ጫፍ ያሳልፋሉ። ይህችን ለመማር አንዲት ሴት ከላም ጋር መብላት ነበረባት፤ አሮጊቶቹ ታሪኩን በጨረሱ ቁጥር የሚናደዱት በዚህ ነው። ቋጠሮው ካለበት ንቅንቅ ካላለ ታዲያ ምራቲቱን ማንም አይጠይቃትም። ሴቶቹ አማቷን ገንዳው አጠገብ ያቆሙና «ላምሽ ዛሬ ምን በላች?» ይሏታል።